ብርቄ እስክታድግ

በአበባ መደርደሪያው አዳራሽ በር ላይ የቆመችውን መሣሪያ ሴቶቹ «ጠንቋይዋ» ይሏታል፤ መዳፍ ስለምታነብ። በየጠዋቱ ተሰልፈው፣ ሰማያዊ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ እጃቸውን መስታወቷ ላይ ያሳርፋሉ። ጠንቋይዋ የጣቶቹን ርዝመትና የመዳፉን ስፋት ትለካና ዕድሜ ትናገራለች። «ሃያ ሰባት። ይግቡ።» «አርባ አንድ። ይግቡ።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፤ አንቱታ ያውቃል። ከአሥራ አምስት በታች የሆነ ቁጥር የተናገረች እንደሆነ ግን አንቱታው ይቀራል፤ በሩም አይከፈትም።

ቁጥሩ አበባውን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል። እዚያ ማዶ ጽጌረዳ የገዛ ሰው ስልኩን ወደ ዘንጉ ቢያስጠጋ ማን እንደቆረጠው፣ ማን እሾሁን እንዳራገፈው፣ ማን እንዳሰረው አይነገረውም። ስም የለም፤ ፊት የለም። የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አበባውን የነኩት እጆች በሙሉ የአዋቂ እጆች ናቸው። ሰውየው ይህን አንብቦ ደስ ይለዋል፤ አበባውንም ለሚወዳት ሴት ይሰጣል። የሚከፍለው ግን አያቱ ይከፍሉ የነበረውን ነው። ንጹሕ እጅ ይፈልጋል፤ እጁ ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቆ አያውቅም።

ብርቄ ላሊሾ በዚህ በር መግባት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ጠረጴዛው ስለሚረዝምባት የአበባ ሳጥን ገልብጣ ትቆምበታለች። ሳጥኑ ላይ ከቆመች ግን በአዳራሹ ውስጥ የሚቀድማት የለም፤ አጭሩን ዘንግ ከረጅሙ፣ የላላውን እምቡጥ ከጠንካራው ዓይኗ ሳያይ ጣቷ ይለየዋል። ያላደገችበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። በሰባት ዓመቷ ከደጋ አውርደው ጥጥ እርሻ አስገቧት፤ ጎንበስ ብላ ስትለቅም፣ ጆንያ ስትሸከም፣ ደረቅ ቂጣ በልታ ስትተኛ፣ አጥንቷ መርዘም በሚገባው ጊዜ ሳይረዝም ቀረ። ጥጡ ሸሚዝ ሆኖ ባሕር ተሻገረ። ያኔ ልጅ ነበረች። ያኔ ማንም እጇን አልለካም።

ያን ሰኞ ለጠንቋይዋ አዲስ መስፈሪያ ተጭኖላታል። የተሠራው እዚያው ማዶ፣ ወተትና ሥጋ ጠግበው ከሚያድሩ ልጆች እጅ ነው። ወሬው ቀድሞ ስለደረሰ ሴቶቹ መላ ይዘው መጥተዋል። ከብርቄ ጎን የምትሠራው እትዬ ድንቄ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ ሰልፉ ውስጥ ሆና ከደረቷ ሥር ጥጥ አወጣች።

«እንኪ። በየጣቱ ጫፍ ጠቅጥቂው። አንዱ ጣት ሁለት ዓመት ይጨምራል።»

«ጥጥስ በልጅነቴ ጠግቤያለሁ።»

«ኧረ አትኩሪ! አየሽኝ እኔን? ዛሬ ሃምሳ እሞላለሁ።»

«እሾሁ ካልተሰማኝ እምቡጥ እሰብራለሁ፣ እትዬ ድንቄ። ደግሞስ ጠንቋይዋ ዘጠኝ ዓመት ታውቀኝ የለ እንዴ!»

ስሕተቷ ይህ ነበር። እንደ ብርቄ ያሉ ሰዎች በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ዘመድ ያደርጉታል፤ የሚያርፉበትን ዋርካ፣ የሚቀዱበትን ቧንቧ፣ የሚገቡበትን በር። ብርቄ በየጠዋቱ እጇን ስታሳርፍ ጠንቋይዋን «እንዴት አደርሽ» ትላት ነበር። ሌሎቹ ሲስቁባት «ሰላምታ ምን ያስወጣል?» ትላለች። ጠንቋይዋ ግን ስም አትይዝም። ለእሷ ሁሉም ሰው በየጠዋቱ አዲስ ነው።

«እንዴት አደርሽ» አለቻት ብርቄ።

«አሥራ ሁለት» አለች ጠንቋይዋ። «ጎበዝ ልጅ። አትፍሪ፤ እዚያው ቁሚ። የሚረዳሽ ሰው እየመጣ ነው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። በሩ ሳይከፈት ሲቀር ሳቁ ቆመ።

የፈረቃው ኃላፊ ገመዳ ጥንቸል የታተመበት ብርድ ልብስና አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ይዞ መጣ። የተገኘ ልጅ ስለሚደነግጥ ብርድ ልብስ ይደረብለት ይላል ደንቡ። ገመዳ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነሽ።»

«ገመዳ፣ ምን ነካህ? ሠርግህ ላይ ሽንኩርት ስልጥ ያደርኩት እኔ አይደለሁም?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ብርቄ። የእኔ ማወቅ ግን አይቆጠርም።»

«መታወቂያዬንስ ላምጣው?»

«ወረቀት አይቀበሉም። በፊት እዚህ አገር ስንቱ ሕፃን አዋቂ ነው እየተባለ ወረቀት ሲሠራለት ነበር። እሱን አይተው ነው። አጥንት አይዋሽም ይላሉ።»

ገመዳ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሠራ ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ብርድ ልብስ የሚያደርብ ትሑት ሰው ይበቃል። እሱም ደንቡን ቀስ ብሎ አስረዳት። ማንም አላባረራትም፤ የእርሻው ትምህርት ቤት ትገባለች። ዩኒፎርምና ወተት ይሰጣታል። በየዓመቱ ትለካለች፤ እጇ ሲያድግ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እስከዚያው ቤተሰቧ እንዳይራብ ከቤቷ አንድ አዋቂ በቦታዋ ይገባል፤ ይህ «ምትክ እጅ» ይባላል። ምትክ ከሌለ ግን በእርሻው ግቢ ያለችው ክፍላቸው ለሌላ ሠራተኛ ትሰጣለች።

«ቤት ውስጥ አዋቂ ማን አለ?» አላት።

«እኔ ነኛ!»

«ከአንቺ ሌላ።»

«አባቷ ከሞተ ወዲህ ናርዶስ ብቻ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ታውቃለህ።»

ገመዳ ጭማቂውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «ዛሬ ጠዋት አዲሱን መስፈሪያ በተማሪዎቹም ላይ ሞክረውታል» አለ። «ናርዶስ አሥራ ዘጠኝ ነው የወጣችው። በመጪው ሰኞ ትገባለች።»

ብርቄ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው፤ አራት ማዕዘን አድርጋ፣ ጥንቸሉ ወደ ላይ እንዲሆን። ናርዶስ ረጅም ናት፤ የሠፈር ልጆች «ቀጭኔ» ይሏታል። የተሠራችው ግን ከብርቄ ድርሻ ነው። እንቁላል ሲገኝ የናርዶስ ነበር፤ ወተት ሲገኝ የናርዶስ ነበር፤ ብርቄ «እኔ ወተት አይስማማኝም» ትላለች፤ ቀምሳው አታውቅም። ልጇን ያበላቻት ከዚህ አዳራሽ እንድታመልጥ ነበር። ያበላቻት ምግብ ለአዳራሹ መስፈሪያ አደረሳት።

*

ናርዶስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ዩኒፎርሙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልጅቷ አንድ ጊዜ ዩኒፎርሙን፣ አንድ ጊዜ እናቷን አየችና ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«አንደኛ ክፍል ነው ያስገቡሽ? በሞትኩት! እማ፣ ኋላ እንዳትወድቂ፣ አሳፍሪኝና!»

«ሳቂ። ሳቂ አንቺ።»

ናርዶስ ሳቋ ሲያልቅ አጠገቧ ተቀመጠች። ከእናቷ በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ስትቀመጥም ትበልጣለች።

«አቶ ገመዳን አግኝቻቸዋለሁ» አለች። «ሰኞ እገባለሁ። ምን አለበት? አንቺ እስክታድጊ ድረስ ነው።»

«አፍሽን ያዢ።»

«ለቀልድ አይደለም እኮ። ቤቱን ቢወስዱብን የት እንሄዳለን?»

«አፍሽን ያዢ አልኩሽ! እኔ ያንን ሁሉ ዘመን ሳጥን ላይ የቆምኩት አንቺ እዚያ ሳጥን ላይ እንዳትቆሚ ነው።»

«እኔማ ሳጥን አያስፈልገኝም» አለች ናርዶስ፣ ቀስ ብላ። «እደርሳለሁ።»

የትምህርት ቤቱ ደንብ ሴት ልጆች ፀጉራቸውን ሁለት ቦታ እንዲሠሩ ስለሚያዝዝ፣ ናርዶስ ማበጠሪያ አምጥታ እናቷን ከጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻት። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ በሩ ተከፍቷል፤ ከእርሻው ሥር ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ልጅቷ ሽበቱን በጣቷ እየሸሸገች ትሠራለች።

«አትንቀይው» አለች ብርቄ።

«አልነቅለውም። ወደ ውስጥ እየገመድኩት ነው።»

«ተይው ይታይ። እኔን እንደሆነ ማንም አያየኝም።»

ናርዶስ እጇን አቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእናቷን ማጅራት ሳመችና መሥራቷን ቀጠለች።

*

መምህር ወንዳፍራሽ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። አንደኛ ክፍል ገብቶ ብርቄን በሦስተኛው ዴስክ ላይ ባያት ጊዜ ከመድረኩ ወርዶ እጅ ሊነሣት ምንም አልቀረውም።

«እንኳን ደህና መጡ። እዚህ ከፊት ይቀመጡ፣ እዚያ አይታይዎትም» አላት።

ክፍሉን የሚያዳምጠው ድምፅ ከጣሪያው ተናገረ። «መምህር፣ ክፍል ውስጥ እንግዳ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚያከብሩት?»

ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፋ። «ብርቄ... ነይ እዚህ ተቀመጪ» አላት። ከንፈሩ ግን ያለ ድምፅ ይቅርታ ጠየቃት።

ከጎኗ ሲፈን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። ብርቄን ከላይ እስከ ታች መረመረቻትና እርሳሷን ሰብራ ግማሹን ሰጠቻት።

«አንቺም ጡብ ቤት ነበርሽ?» አለቻት።

«አይ፣ አበባ ቤት።»

«እህቴ ሌንሴ ጡብ ቤት ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በፊት አበባ ቤት ነበረች፤ ጠንቋይዋ አስወጣቻት። ትምህርት ቤት ሁለት ቀን መጥታ ነበር፤ ከዚያ እናታችን ታመመች።»

ጡብ ባሕር አይሻገርም። እዚያ ማዶ የሌንሴን ጡብ ገዝቶ ለሚወዳት የሚሰጥ ሰው ስለሌለ፣ በጡብ ማቃጠያው በር ላይ ጠንቋይ አልቆመችም፤ የሌንሴን እጅ የሚለካ የለም። ሌንሴ ከንጹሑ አዳራሽ ወጥታ ወደ ጭሱ ገባች፤ የአበባው ሰነድ ላይ ግን «ተገላገለች» ተብሎ ነው የተጻፈው። ማንን እንደተገላገሉት ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው። እሷን ነው።

በእረፍት ሰዓት ወተት መጣ። ብርቄ ድርሻዋን ወደ ያዘችው ጠርሙስ ልትገለብጥ ስትል ወተት አዳዩ ከለከላት፤ ወተቱ የሚጠጣው እዚሁ ነው፣ በልጁ በራሱ።

«ለልጄ ነው» አለች።

«ልጅ የላትም ይላል እዚህ» አለ ወተት አዳዩ፣ ስክሪኑን እያሳያት። ሰውየው አልቀለደም።

«ጠጪው» አለቻት ሲፈን፣ የራሷን ጨርሳ ነጭ ጢም አብቅላ። «ታድጊያለሽ።»

ብርቄ ጠጣችው። ለብ ያለ ነው፤ ጣፈጣት። ሌላ ነገር ይመስላት ነበር፤ ብዙም እንዳልቀረባት ራሷን አሳምና ኖራ ነበር። አሁን ብርጭቆውን ጨርሳ ለረጅም ጊዜ በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች፤ ሲፈንም ሌላ የምትጠብቅ መስሏት «አይደግሙም» አለቻት።

ከአጥሩ ወዲያ ሰባተኛ ክፍሎች ይጫወታሉ። አንዱ ልጅ «ናርዶስ፣ ልጅሽ ወተቷን አልጨረሰችም!» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፣ ልጄ ናት!» አለች ናርዶስ። «ምን አገባህ? የአንተ እናት እንደሷ ታምራለች?»

ከዚያ አጥሩ ጋ መጥታ ጣቶቿን በሽቦው አስገባች። ብርቄም ሄዳ ያዘቻቸው።

*

ሐሙስ ብርቄ ከእትዬ ድንቄ ጥጥ ለመነች። ድንቄ «አሁን ገና!» እያለች የዘጠኝ ሴት የሚሆን ጥጥ አመጣችላት፤ ጓንቷን በራሷ እጅ ጠቀጠቀችላት፤ የብርቄ ጣቶች እንደ ሙዝ አበጡ። በሩ ላይ ግን ገመዳ እጁን መስታወቱ ላይ ጭኖ ጠበቃት።

«እትዬ ብርቄ፣ አይሆንም። አንዴ ልጅ የተባለ ሰው ዓመት ሳይሞላው አይለካም። ልጅ በሦስት ቀን አያድግም ይላሉ።»

«ለማን ልናገር ታዲያ? ሰው የለም? አለቃህ፣ የአለቃህ አለቃ?»

«ጽፌያለሁ። ባለፈው ወር ለሌላ ሴት ጽፌ ነበር፤ መልሱ ገና አልመጣም።» ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ነገ የምስጋና ሰዓትሽ ነው፤ የተገላገለ ልጅ ገዢዎቹን በስክሪን ያመሰግናል። ገዢዎቹ ፊት ለፊት የሚያዩሽ ያኔ ብቻ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ!»

«አይሰሙሽም። ከዚህ በኩል የሚወጣ ቃል ሁሉ በአስተርጓሚው መሣሪያ ያልፋል፤ ገዢ የሚያስከፋ ነገር ካገኘ ያለሰልሰዋል። እኔ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰው አልቅሶ የተናገረው እዚያ ሲደርስ ምስጋና ይሆናል።»

«እነሱ የሚሉትንስ?»

«የእነሱንማ ቃል በቃል ነው የሚያደርሰው። የገዢን ቃል ማን ይነካል?»

ብርቄ ጓንቱን አውልቃ ጥጡን አንድ በአንድ መዘዘች። ከጣቶቿ ውስጥ የወጣውን ነጭ ክምር መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። መዳፏ በእሾህ ጠባሳና በጥጥ ፍሬ ዛጎል ጭረት ተሸርሽሮ የተሰነጠቀ የወንዝ ዳር መሬት ይመስላል። ገመዳም አየው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያለ ጓንት ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«ገመዳ» አለች። «ጠንቋይዋ ይህን አታይም?»

«ጓንት ነው የምትለካው» አለ።

*

የምስጋናው ክፍል ነጭ ነው። ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አለ፤ ከፊቱ አንድ ትንሽ ወንበርና አንድ ትልቅ ወንበር። ትንሹ የተገላገለው ልጅ ነው፤ ትልቁ የአሳዳጊው። ብርቄ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ለምስሉ እንዲያምር የተሰጣትን ነጭ ጓንት አጥልቃ ትንሹ ላይ ተቀመጠች። ናርዶስ የእትዬ ድንቄን ነጠላ ተከናንባ፣ ጫማዋንም ተውሳ ትልቁ ላይ ተቀመጠች። ጫማው ሰፍቷት እግሯ ውስጥ ይጫወታል።

ስክሪኑ ሲበራ አንድ ቤተሰብ ታየ። ፈገግ ያለች እናት፣ ሎተ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ፣ ከኋላቸውም መስኮት ሥር ሶፋ ላይ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት። ጠረጴዛቸው ላይ ጽጌረዳ አለ። ብርቄ አበባውን አወቀችው፤ ለይታ የምታስረው ዓይነት ነው፤ ረጅም ዘንግ፣ ጠንካራ እምቡጥ።

«እንዴት ነሽ?» አለች ሴትዮዋ በአስተርጓሚው ድምፅ። «አሁን ትምህርት ቤት በመግባትሽ በጣም ደስ ብሎናል።»

«እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች ብርቄ። «ይህች ልጄ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰኞ በእኔ ቦታ ሊያስገቧት ነው። እባካችሁ ለሚሰማ ሰው ንገሩ።»

አስተርጓሚው በማዶ ቋንቋ ተናገረ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ናርዶስ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ስለምትማር ፊቷ ተለወጠ።

«እማ፣ ሌላ ነገር ነው ያለው! ‹ትምህርቴን እወዳለሁ፣ አሳዳጊዬም ሥራ አግኝታለች› ነው ያለው!»

«አንቺ ንገሪያቸው፤ በቋንቋቸው።»

ናርዶስ ቀና ብላ በማዶው ቋንቋ ተናገረች። ድምፅዋ ግን ከክፍሉ አልወጣም፤ አስተርጓሚው የእሷንም ቃል ይዞ አስተካክሎ አስተላለፈው፤ ሴትዮዋም «እኛም እናመሰግናለን» አለች። ናርዶስ ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሁለተኛው ነጠላውን ሸብ አድርጋ ተወችው።

«አሁን ሰላምታችን» አለ አስተርጓሚው። የምስጋናው ሰዓት ማብቂያ ይህ ነው፤ ልጆቹ መዳፋቸውን ከሁለቱም ወገን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ሎተ ሮጣ መጥታ እጇን ለጠፈች። የእጇ ልክ ከብርቄ እጅ ጋር አንድ ነው፤ መስፈሪያው አልተሳሳተም።

ብርቄ ነጩን ጓንት በጥርሷ ነክሳ ሳበችው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ገመዳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማስቆም ሥራው ነው፤ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ብርቄ ባዶ መዳፏን በሎተ መዳፍ ላይ አሳረፈች። ስንጥቁ፣ ጠባሳው፣ በእድፍና በመድኃኒት የጠቆረው የጣቶቿ መታጠፊያ፣ ሁሉም በትልቁ ስክሪን ላይ በትልቁ ታየ።

ሎተ አላፈገፈገችም። ቀርባ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ አስተርጓሚውም የገዢ ቃል ስለሆነ ምንም ሳያለሰልስ ቃል በቃል አደረሰው።

«እማዬ፣ እጇ የአያቴን እጅ ይመስላል።»

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ልጇንም ልትስብ ሞከረች። አሮጊቷ ግን ሹራቧን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ወንበር ተደግፋ መጣች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስክሪኑ ጋ ስትደርስ የልጅ ልጇን በቀስታ ገፋ አድርጋ የራሷን መዳፍ በብርቄ መዳፍ ላይ አሳረፈች። የአሮጊቷ እጅ በሕይወቱ ብዙ ነገር አጥቧል፤ ብርቄ ወዲያው አወቀችው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

ብርቄ የናርዶስን እጅ ሳበችና ከራሷ እጅ አጠገብ ለጠፈችው። ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ጥፍሩ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ያለበት እጅ። ምንም አልተናገረችም። መናገር ለአስተርጓሚው ሥራ መስጠት ነው።

አሮጊቷ አንዱን እጅ አየች፤ ሌላውን አየች።

«ልጅቷ ይህች ናት» አለች። አስተርጓሚው ይህንንም ቃል በቃል አደረሰው። «እናንተ ሰዎች፣ ልጅቷ ይህች ናት እኮ።»

ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ አሮጊቷ እጇን አላነሣችም።

*

ሰኞ ናርዶስ አዳራሽ አልገባችም፤ ክፍላቸውም አልተነካችም። «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ገመዳ አልተነገረውም። ከዚህ በኩል ሴቶች ጮኸው ነበር፤ ኃላፊዎች ጽፈው ነበር፤ እናቶች አልቅሰው ነበር። የተሰማው እዚያ በኩል ሹራብ የምትሠራ የአንዲት አሮጊት ቁጣ ነው። መሰማቱ መልካም ነው። በዚህ ግን ማመስገን ያለበት ሰው ካለ ብርቄ አይደለችም።

የገና በዓል ሳይደርስ ለጠንቋይዋ ሌላ መስፈሪያ ተጫነላት፤ ልጅ የተባሉትም ዓመት ሳይጠብቁ እንደገና ይለኩ ተባለ። አሁን ጓንት አታይም፤ ባዶ መዳፍ ታነባለች፤ ቆዳውን፣ መሥመሩን፣ ስንጥቁን። ናርዶስ ትምህርት ቤት ውስጥ ተለካች። «አሥራ ሦስት» ተባለች፤ ከክፍል ክፍል እየሮጠች ተናገረችው፤ ስለ ራሷ የማታውቀውን ነገር የሰማች ያህል። ብርቄም በሩ ላይ ቀረበች። እጇን አሳረፈች። «እንዴት አደርሽ» አላለችም።

«ስልሳ አንድ» አለች ጠንቋይዋ። «ይግቡ፣ እናቴ። ወንበር ይሰጥዎታል።»

ለአረጋውያን ወንበር ይሰጥ የሚል ደንብ አለ። ሳጥኗ ተነሥቶ ረጅም ባለ መደገፊያ ወንበር መጣላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጣ ትሠራለች።

«እኔን ስልሳ አራት አለችኝ!» አለች እትዬ ድንቄ። «ከስልሳ አምስት በላይ በሩ አይከፈትም፤ ሰማሽ? ትናንት ልጅ እንዳንባል ጥጥ፣ ዛሬ አሮጊት እንዳንባል ቫዝሊን! አሁንስ እንደ ሙሽራ መዳፌን ስቀባ ነው የማመሸው።»

«ልመጂው። አንዱ ጣት ሁለት ዓመት ይቀንሳል» አለቻት ብርቄ።

«አንቺ ደግሞ ምን አለብሽ! በአንድ ወር ልጅ ሆንሽ፣ አረጀሽ። መካከሉን የት ጣልሽው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ብርቄም ሳቀች። መካከሉን ግን ማንም አላነበበላትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖራ፣ አንድ ልጅ አሳድጋ፣ ስንት ሚሊዮን አበባ አስራ፣ ሠላሳ ስድስት ናት ያላት መሣሪያ የለም።

ትምህርት ቤት የቆየችው ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ የወሰደችው ሲፈን የሰጠቻትን ግማሽ እርሳስና ቁጥሮቹን ነው። ፊደሉን ናርዶስ ከእራት በፊት ታስተምራታለች፤ ስትሳሳት እጇን ቸብ ታደርጋታለች፤ «አሳፍሪኝ እንጂ» ትላታለች።

የታኅሣሥ ጠዋት በሐይቁ ዳር ይቀዘቅዛል። የአዳራሹ መስታወት ከውስጥ፣ ከባልዲዎቹ ውኃና ከሴቶቹ ትንፋሽ፣ ነጭ ጉም ይለብሳል። ተማሪዎቹ የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ብርቄ ወንበሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታለች። የናርዶስ ረጅም ጥላ ሲመጣ አየችና በጣቷ ጉሙ ላይ ጻፈች፤ ሦስት፣ ከጎኑ ስድስት።

ናርዶስ ቆመች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አነበበችው።

«ገልብጠሽዋል!» ብላ ጮኸች ከውጭ። «በእኔ በኩል ስልሳ ሦስት ይመስላል!»

«በእኔ በኩል ትክክል ነው!» አለች ብርቄ።

ናርዶስ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። መስታወቱ ከውጭ ደረቅ ስለሆነ አፏን አስጠግታ በረጅሙ ተነፈሰችበት፤ ነጭ ክብ ተሠራ። ብርቄ ከቁጥሯ ሥር ያለውን ጉም ከውስጥ ስትጠርግላት፣ ናርዶስ እናቷ እንድታነበው ገልብጣ፣ ቀስ ብላ፣ ከእናቷ ቁጥር ሥር የራሷን ጻፈች። አሥራ ሦስት።

ክቡ እስኪጠፋ ሁለቱም አዩት። ከዚያ ደወል ተደወለና ናርዶስ ቦርሳዋን አንሥታ ሮጠች።